ሄደ፣ መጣ

ሸርፍ ተራ ያለው ሰዓት ሠሪው ይመር፣
ከኮምቦልቻ ገዝቶ የኮከብ መነጽር፣
አንድ እግሩ የሰለለ፣ በሽቦ የታሰረ፣
ከግቢያችን መሐል አምጥቶ ገተረ።

መጀመሪያ ያየነው ኮከብ አልነበረም፤
የቶሳ አንቴና ነው፤ ተገልብጧል፣ አይወድቅም።
"ምነው፣ ተበላሸ?" አልኩት። "ደህና ነው" አለ፣
"ላይና ታች ማለት ሰማይ ቤት የት አለ?"

ሦስት ማታ ደመና። አራተኛው ጠራ፤
ግማሽ ጨረቃ ነች፣ በቶሳ ተራራ።
ብርሃኑ ከጥላው በሚዋሰንበት
ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፣ ፈንጣጣ ያለፈበት፤
ስንቱን ቆንጆ በእሷ እየመሰልንባት፣
ለካስ ወፍጮ ኖሯል፣ ገና የወቀሯት።

ቀጥሎ አንድ ደማቅ ኮከብ አነጣጠርን።
ነጥብ ነበር፤ ነጥብ ሆነ። አዘንን።
"ኮከብ እንዲህ ነው" አለ፣ "ቢጠሩት አይመጣም፤
ብድር እንዳለበት ዘመድ፣ አይጠጋም።"

ጨረቃዋ ጠልቃ
መብራት ሄደ።
ሆጤ ሄደ፣ ሮቢት ሄደ፣ ፒያሳ ሄደ፤
ሰማዩ ቁልቁል ቆርቆሮ ላይ ወረደ።
ጎረቤት በባትሪ፣ በጋቢ፣ በነጠላ
ተሰልፎ ቆመ፣ ዘይት እንደሚታደል ሁላ።

ጁፒተር ሲገባ፣ ጨረቃ አስከትሎ፣
"አራት ናቸው!" አለ እንድሪስ፣ ምሎ።
ፋጡ "ሦስት ናቸው" አለች ከሰዓት በኋላ።
ሁለቱም ልክ ነበሩ፤
አንዷ ሹልክ ብላ
ገብታ ነበር ከአባቷ ጀርባ፣ ከጥላ።

አባቴ ከኪታቡ ዙሐል የሚለው
ሳተርን፣
የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፤ ቀለበት ግን አለው።
"ይኼው ነው?" አሉ ባሻ ደምሌ፣ "ለዚህ ነው የቆምነው?"

እትዬ ጦይባ ግን ዓይናቸውን ሰክተው፣
ትንፋሻቸውን ውጠው፣
ብዙ ቆዩ። ብዙ። ሰልፉ አጉረመረመ።
"ሄደ" አሉ በድንገት። "ምነው፣ ተቀየመ?"

ይመር ሳቀ። "እሱማ አልሄደም የትም፤
የሄድነው እኛ ነን፤ መሬት አትቆምም።
ደሴ ናት የምትሄደው፣ ከነአዝዋ ገደሏ፣
ከነሱቄ፣ ከነዕዳዬ፣ ከነአቧራው ሁሉ።"

"ታዲያ" አሉ፣ "ከነግቢያችን፣ ከነዚህ ሁሉ ሰው፣
ወዴት ነው የምንሄደው?"

የሰው ሰዓት ሲጠግን ሠላሳ ዓመት የኖረው
ይመር መልስ አልነበረው።
የቴሌስኮፑን አፍ በአንድ ጣት ገፋ አደረገ፤
ዙሐል ገባ።
እሳቸው ጎንበስ ሲሉ ቀለጠ ሠፈሩ፤
"መጣ! መጣ!" አሉ ልጆች፣ መብራቱን ሊያበስሩ።

እትዬ ጦይባም፣
ዓይናቸው እንደተሰካ፣
"አዎ" አሉ ቀስ ብለው፣ "መጣ።"