የጥር ሃያ ሦስት ማታ

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትገባ
ላሚሶ ከአሞራ ገደል ያመጣልኝን እርጥብ ፊላ
ታቅፌ ወደ ግቢ ስገባ፣
ጎረቤቴ «ለነገው ተክልዬ ልትጎዘጉዘው ነው?» አለችኝ።
«አዎ» አልኳት።
ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማስረዳት
ለኑአላ ሠላሳ ዓመት አልበቃትም።

«ብሪጊት ናት» ትል ነበር፣ «የላም፣ የወተት፣ የእሳት፤
በኛ አገር ነገ የክረምት ወገብ ይሰበራል።»
እዚህ ባጃጁ ሁሉ አቧራ ለብሷል፣
የታቦር ሣር እንደ ሽማግሌ ጢም ነጥቷል፤
የምን ክረምት? የማን ወገብ?

አንዱን ፊላ አቁሜ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አጥፌ፣
ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ደግሞ አጥፌ፣ ደግሞ አዙሬ።
በሷ ጣቶች ጸሎት ይመስል ነበር፤
የኔ የጋራዥ ጣት ነው፣ ብሎን ሲፈታ፣ ፍሬን ሲያስር የኖረ፤
አራተኛው የመስቀሉ ክንድ ከሦስቱ አጥሮ ቀረ።
ይሁን። እኔም የመጀመሪያ ሽሮዋን
ዝም ብዬ በልቻለሁ።

ነጭ ሻሿን ከሣጥን አውጥቼ ገመዱ ላይ ሰቀልኩ።
ቅድስቲቱ ሌሊት ስታልፍ ትነካዋለች፣
ጠል የጠጣ ጨርቅም ራስ ምታት ይነቅላል ይባላል።
አምና አንድ አባ ኮዳ አጠገቡ ቆሞ አደረ፣
ራሰ በራ ዘበኛ፣ እጁን ኪሱ የከተተ ይመስል።
ራስ ምታቴ ለቀቀኝ።
ማን እንደባረከው አልጠየቅኩም።

የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።
አንዱ ፊላውን ይዞ ከውጭ ያንኳኳል፣
ውስጥ ያለው «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» ይላል።
ሁለት ሰው ይፈልጋል ይህ በዓል።
እሷ ትወጣ ነበር፣ እኔ ከውስጥ፤
ጉልበቷ ሲደክም እኔ ከውጭ፣ እሷ ከአልጋዋ።
አምና ብቻዬን አንኳኩቼ፣ ሮጬ ገብቼ፣ ለራሴ መለስኩ፤
ሌባም መሰልኩ፣ ጅልም መሰልኩ።

ዘንድሮ በሩ ፊት እጄ አልነሣ አለ።
ሳላስበው፣ ባደግኩበት ወግ፣
«ቤቶች!» አልኩ።
አምፖሉ። የግድግዳው ሰዓት። የሷ ነጠላ ጫማ።

ከአጥሩ ማዶ፣ ሳህን እያለቀለቀች፣
ማን እንደጠራ ቀና ብላ ሳታይ፣
የጎረቤቴ ልጅ ዱካሌ
«ደጆች!» አለች።

ገባሁ። ወይም ገባን፤ አልቆጠርኩም።
መስቀሉን ከበሩ በላይ ቸነከርኩት፣
አጭር ክንዱን ወደ ሐይቁ።
ሻሹ ውጭ ነው። ነፋስ የለም።
አባ ኮዳ ገና አልመጣም።