አታጠጪያት

ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር፣
ችግኝ በቀለም ቆርቆሮ፣ በጄሪካን ቁራጭ ደርድረው ከአጥር፣
የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሽ ዝክረ የሚባሉ፤
ድሮ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ አሉ።
መቶ ሃያ ብሬን ተቀብለው፣ ቆጥረው፣ ደግመው ቆጥረው፣
እሾሃም ጭራሮ አሸከሙኝ በፌስታል ጠቅልለው።

«ቡገንቪሊያ ናት» አሉኝ። «ነገሯን ልንገርሽ፦
አታጠጪያት። ስትጠማ ነው የምታብብልሽ።»

ሳቅኩ በሆዴ፤ ሽማግሌ ደንበኛ ሲያባርር፣ ሲያወራ!
የወደደ ያጠጣል እንጂ፣ ደግሞ ተጠምቶ ማን አፈራ?

ዶሮ ማነቂያ፣ ከቀበሌ ቤቴ በር ሥር ተከልኳት፤
ጠዋት በኩባያ፣ ማታ በጣሳ፣ እሑድ በባልዲ አጠጣኋት።
ሁለት ክረምት፣ ሁለት በጋ
ቅጠል ብቻ፤ እሾህ ከእሾህ ሲጠጋጋ።
የእኔን ቀሚስ ያዘች፣ የእትዬ ዘርፌን ነጠላ ቀደደች፣
የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን እጅ ጫረች፤
አበባ ግን እምቢ አለች።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። መንገድ ሲቆፈር ቱቦው ተቆርጦ፣
ሰፈሩ ሁሉ ጄሪካኑ ላይ ቦቴ ሲጠብቅ ተቀምጦ፣
ለልጄ ፊት፣ ለሻይ፣ ለድስት እያልኩ ጠብታ ስቆጥር፣
እሷን ረሳኋት። አርባ ቀን ይሆናል፤ ሳይበልጥም አይቀር።

አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት
ደጄ ነዷል። የቆርቆሮው ዝገት
አይታይም። እሷ ቅጠሏ ረግፎ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣
ሐምራዊ እሳት ከላይዋ ተንጠልጥሎ፣ የመብራት እንጨቱን ነክቶ።

ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። ኀፍረት፣ ትንሽም ቁጣ፤
ሁለት ዓመት ከእጄ ጠጥታ ዝም ያለች፣ ስረሳት የቀለም መዓት ስታመጣ!

ሄጄ ነገርኳቸው። አልሳቁም። መነጽራቸውን ጠረጉ፣
ከራሳቸው ተክል አንዲት ዘለላ ቀጥፈው መዳፌ ላይ አደረጉ።
«አበባ ያልሽው ቅጠል ነው፤ ቀለም የነከረው ቅጠል፤
እንደ ደብዳቤ ወረቀት ስስ፣ ሦስት ሆኖ ውስጡን የሚከልል።
አበቦቹ እነዚያ ናቸው፣ መሃል ላይ፣ የክብሪት ራስ የሚያህሉ፣
ነጫጮቹ። ለእነሱ ብር የሚከፍሉ የታሉ?»

ጨመሩልኝ፦ አገሯ ከውቅያኖስ ማዶ ነው፣ ብራዚል ይሏታል፤
የፈረንሳይ መርከብ አግኝቷት፣ ስሟ የአዛዡ ስም ሆኗል።
በዚያ መርከብ ላይ የወንድ ልብስ የለበሰች ዕፅ ለቃሚ ሴት ነበረች ይባላል፤
ምናልባት ያየቻት እሷ ናት። ማን ያውቃል።

የእኔም ደጅ ታፔላ «ኃይለልዑል ልብስ ስፌት» ይላል።
ኃይለልዑል? አንድ ቁልፍ ተክሎ አያውቅም፤ ቀን ይተኛል፣ ማታ ካርታ ይጫወታል።

በቀደም በሬ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤
«ለልማት ነው» አሉ ሁለት ሰዎች፣ ሜትር ይዘው ሲያልፉ።
ከነሥሯ ልንቀላት ብል፣ ጋሽ ዝክረ «ትሞታለች» አሉ፤
«ሥሯ መነካት አይወድም። ከጎኗ ቁረጪ፤ እንጨቶቹ ምናልባት ያቆጠቁጣሉ።»

አምስት ቆረጥኩ፣ የእርሳስ ውፍረት፤ በቀለም ቆርቆሮ ቀበርኩ።
አራቱ ጠቆሩ። አምስተኛዋን በጥፍሬ ጫር አደረግኩ፤
ውስጧ አረንጓዴ ነው። ጠበቅኩ።

አሁን መስኮቴ ላይ ናት፤ መስከረም ላይ መስኮቱ የማን እንደሚሆን አላውቅም።
ጣሳውን አነሳለሁ። አስቀምጠዋለሁ።
እንጨት ናት እስካሁን፤ ሌላ ምንም።