ሦስት መትቶ የሚያርፍ

ሣጥኑ በፖስታ መጣ፣ ከሎፎተን ደሴት፤
ላኪዋ ቶርቦርግ የምትባል ሴት።
የወንድ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ከታ፣ በጋዜጣ አልብሳ፣
የዘንግ ማጠንጠኛ ነው፤ ስንት ዓመት የሳበ የባሕር ዓሣ።
ቅጹን በእርሳስ ሞልታ፣ ቦታ ሳታስቀር፦
"የተገዛበት፦ ሰባ አራት። ብልሽቱ፦ ዝም አለ። ሌላ የለም ችግር።"

"ዝም አለ" ብሎ ብልሽት! ዮስታይን ሳቀ፣ ለማጅ ነው ገና፤
እኔ ዓመቱን አየሁ፤ ዋስትናው ሲያልቅ አልተወለድኩም ነበርና።

ካቻቢቴ አነሣሁ። አራት ቪቴ ፈታሁ፤ አምስተኛው እንቢ አለ፤
ናፍታ ጠብ አድርጌለት ሻይ ልጠጣ ሄድኩ፤ ስመለስ ለቀቀ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ተንከባለለ።
ሆዱ ሲገለጥ ጨው፤ ጨው እንደ አመዳይ፣ በኩሽኔታው ላይ፤
ግራሶው ሬንጅ መስሏል፤ በማርሹ ጥርስ መሃል፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የምትታይ
አንዲት የዓሣ ቅርፊት፣ የምታበራ እስካሁን ድረስ።
ከየትኛው ዓሣ? ከየትኛው ክረምት? አልጠየቅሁም፤ ቀጠልኩ እስከ ምላስ።

ምላስ እንላታለን፤ ስንጥር የምታክል ብረት፣
ክሩን ዓሣ ይዞት ሲሸሽ በየጥርሱ ተመትታ የምትጮኽ ለጌታዋ ጆሮ፣ በቅጽበት።
የዚህኛው ጫፏ አልቋል፤ ባንድ ጎን ተበልታ፣ ጎብጣ፣
ጥርስ እየሳተች፣ እየዘለለች፣ መጨረሻ ዝም ብላ ተቀምጣ።

አለቃዬ ሲግቫል "ምርቱ ቆሟል" አለኝ፤ "መለዋወጫ የለም፤
አዲስ በቅናሽ ትግዛ፣ ሠላሳ በመቶ። እኛ ሙዚየም አይደለንም።"
ደብዳቤው ታትሟል፤ ስሟን መጻፍ ብቻ ቀረ።
ማታ ግን ስኖሬ ዘንድ ሄድኩ፤ በዕቃ ግምጃ ቤታችን ሠላሳ ዓመት የኖረ።
ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ስቦ ዘረገፈ፤
ቡሎን፣ ሞላ፣ ስም የሌለው ብረት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ግን አልሰነፈ።
"ይቻት" አለ፤ "የመጨረሻዋ ናት። ከየት ብለው ቢጠይቁ ተዋቸው፤
ጡረታ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ስኖሬ ሌባ ነው በላቸው።"

አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ ቀባሁ፣ ፍሪሲዮኑን አጠበቅሁ፤
ክሩን በጥርሴ ይዤ ሳብኩት፤ ጮኸ፦ ጥርት ያለ፣ የማያነክስ። ኮራሁ።
ሂሳቡን የግማሽ ሰዓት ጻፍኩ፤ ሁለት ቀን ነው የፈጀው፤
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ድምጿ እንደ ተሰቀለ ዓሣ ደርቆ፦
"ጥሩ ነው፤ ግን የእኛው አይደለም። የሌላ ሰው ነው የመጣው፣ ካልሲያችንን አጥልቆ።
የእኛው ሦስት መትቶ ያርፋል። ሦስት፣ ዝም፣ ሦስት። ያነክሳል።
ሀልቫርድ ከታች፣ ከድንጋዩ ላይ ሲያጠምድ፣ ወጥ ቤቴ ድረስ ይሰማል፤
ያኔ ድንቹን እጥዳለሁ። እሱ ደጁን ሳይከፍት ውሃው ፈልቶ ነበር።
በጥቅምት ሞተ። ባሕር አልወሰደውም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ካልሲውን ሊያጠልቅ ሲሞክር።
እኔ ዓሣ አልፈልግም።
ያቺን ያለቀችዋን ጣላችኋት?"
                                       አልጣልኳትም።

ደንቡ ጣል ይላል። በሸሚዜ ኪስ፣ ከቅርፊቷ ጋር ነበረች፤
ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እጄ ናት ያኖረች።
በፖስታ ላክሁላት፤ የካቻቢቴውን ቁጥር፣ እንቢ ባዩን ቪቴ ጻፍኩ፤
"ሞላው በጣት ገፋ ይደረግ፣ ብዙ ሳይሆን፣ እንድትደርስ ያህል" ብዬ ጨመርኩ።

ከዚያ በሚያዝያ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ስልክ አነሣሁ፤
ሰላምታ የለም። ነፋስ፣ የልጅ ሩጫ፣ ከዚያ ሰማሁ፦
ሦስት። ዝም።
ሦስት። ዝም።
"የጎረቤት ልጅ ነው" አለች፤ "የክሩን ጫፍ ይዞ በግቢው ይሮጣል፤ አይደክምም።
ድንች ጥጃለሁ፤ ልዝጋው።"
ዘጋችው።

ቅጹ ላይ "ውጤት" የሚል ቦታ አለ፣ ሲግቫል በየወሩ የሚያየው፤
"አልተጠገነም" ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም "ይሠራል።" እሱ ራሱ ያስታርቀው።
ቅርፊቷን ግን አልላክሁም፤ ረሳሁ ልበል፣ አልረሳሁም።
ዮስታይን ሌላ ሣጥን ከፈተ፤ ቀይ አሸዋ ፈሰሰ፤ ከየት ባሕር እንደሆነ አላወቅንም።