ዜሮና ዘር

ከኮፒያፖ ደቡብ፣ ባቡር ከረሳው ጣቢያ፣
ሰዓቱ ከቆመበት የመንገደኛ ማረፊያ፣
ኤድቪና አለች፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ።
ሀብቷ ሃያ ሁለት ፍየል፣ አንድ የሳርዲን ጣሳ፣
አንድ የአባት ደብተር፣ ጠርዙን ፍየል ግጣው፣ ጀርባው የሳሳ።

አባቷ ኔሜስዮ የሐዲድ ጠባቂ፣
ባቡሩ ሲቀርበት ሆነ ዝናብ ጠባቂ።
ጣሳውን ከግንብ ላይ በሚስማር ቸንክሮ፣
ማታ ማታ በእርሳስ፣ በኩራዝ አቀርቅሮ፦
ሰኔ፣ ዜሮ።
ሐምሌ፣ ዜሮ።
ነሐሴ፣ ዜሮ፤ ይቺኛዋ ትንሽ ወፍራ፣
እርሳሱን ጫን ብሎት ይሆናል፣ ተማሮ።

«አባ፣ ምንም ካልጣለ ለምን ትጽፋለህ?»
አለችው በልጅነት።
«ባዶ አትበዪው፣ ደህና አርገሽ እዪው፤
ክብ ነው፣ እንደ ዘር።
ላዩ ደረቅ ነው፤ ውስጡን የሚያውቅ አፈር።»

ደብተሩ መሐል አንድ ገጽ አለ፣ ጽሕፈቱ የራሰ፦
«ሐምሌ ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሰባት ሚሊ። ሌሊቱን አለቀሰ።»
ሰማዩ ይሁን እሱ፣ አልጻፈም።
በመስከረም አሸዋው ሐምራዊ ለበሰ፤
የጓናኮ እግር ነው። አኛኙካው ነደደ፤
የአንበሳ ጥፍር ከድንጋይ ሥር ቀዩን አፈሰሰ።
የሳንቲያጎ ሰው ባውቶብስ መጣ፣ ረገጠ፣ ፎቶ አነሣ፣ ተመለሰ።
እሷ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ አበባ መሐል ተኝታ
ስትነቃ ጸጉሯ ውስጥ ንብ ነበር።

አሁን ሌላ ነው።
ሰማይ እንደ ሰካራም አማች፣ የጠሩት ቀን ቀርቶ፣
ዘንድሮ በመጋቢት፣ በጋው ሳይወጣ፣
ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሸለቆው ጭቃ ይዞ መጣ።
ሃያ ስድስት ሚሊ ባንድ ሌሊት!
ሐዲዱን ከሥሩ ነቅሎ፣
ሁለት ፍየል ወስዶ፣ ያባቷን በር ጥሎ።

ሳምንት ሳይሞላው አሸዋውን አረንጓዴ ላብ አላበው።
ቡቃያ፣ ሁለት ሁለት ቅጠል፣ ጆሮ የመሰለ፣
«የተጠራሁ መሰለኝ» ያለ።
ወንድሟ ኖልቤርቶ ከመዳብ ጉድጓዱ ደወለ፦
«አበባ ካለ እንግዳ አለ፤ ድንኳን እናከራይ» አለ።
እሷ ዝም።

የመጋቢት ፀሐይ የሐምሌ አይደለችም፤
ሌሊቱ አይበርድም። ካማንቻካ የሚሉት ጉም፣
ከባሕር ተነሥቶ ቅጠል የሚልሰው፣
እሱም በዚያ ሰሞን ከተራራው ወገብ አልወረደም።
ቡቃያው እንደ ተጫረ ክብሪት ራሱን ደፋ፤
ንብ ሳያይ፣ ዘር ሳይጥል ጠፋ።
ያለ ቀኑ ጠርቶ በሩን ዘጋባቸው።

ከዚያ ሐምሌ መጣ፤ ዜሮ።

ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ መጣች፣ ያስና፤
ገመድ ዘርግታ፣ ሬሳ ቆጥራ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣች።
ኤድቪና ከጎኗ በሾርባ ማንኪያ ቆፈረች፣ ሁለት ጣት ያህል፤
አፈሩን ባባቷ ባርኔጣ አበጠረች።
መዳፏ ላይ ቀሩ፦ ዘጠኝ።
ጥቁር፣ ክብ፣ ግትር፣
መጋቢት ሲጣራ «አቤት» ያላሉ፣
ጎረቤት ሲነሣ ተገላብጠው የተኙ፣ «ቆይ» ያሉ።

«እነዚህ ደግሞ ጠርጥረው ነው የተረፉት» አለች ያስና።
ኤድቪና መዳፏን አየች፣ ብዙ ቆይታ፦
«ሰማይ እንዲህ ሲዋሽ ያመነ ያልቃል፣ የጠረጠረ ይተርፋል።
የጠረጠረው ጠርጣራ ይወልዳል።
እሺ፣ ሁሉም ከጠረጠረ፣ ልጄ፣
ማን ያብባል?»
ያስና ገመዷን ጠቀለለች።

ስምንቱን መለሰች፣ አፈር አለበሰች፣
ፍየል እንዳይረግጥ ድንጋይ አስደገፈች።
ማታ ደብተሩን ከፈተች፤
ነሐሴ ከተጻፈበት ትይዩ፣ ዜሮ ከሚገባበት ቦታ፣
ዘጠነኛውን አኖረች።
እርሳስ አላነሣችም።
ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፣
ነፋስ እንዳያነበው።