በኅዳጉ ላይ

ካቫላ ከተማ፣ በአሮጌው የትምባሆ መጋዘን፣
ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ማኅተምና መዝገብ ይዘን፣
የስደተኛውን ሰልፍ ተራ እናስይዛለን፤
ባሕር ማዶ የቀረ ሀብቱን እንጽፋለን።
እኔ ያኔ ጎረምሳ፣ የመንግሥት ጸሐፊ፣
ኮቴ የተውሶ፣ ትከሻው ከትከሻዬ ሰፊ።

አዋጁ አጭር ነበር፤ ሃይማኖት ይጠይቃል፤
ክርስቲያኑ ወደዚህ፣ ሙስሊሙ ወደዚያ ይሄዳል።
አፉ ምን እንደሚናገር ማንም አልጠየቀ፤
ሰው ከጎረቤቱ በፊርማ ተላቀቀ።

ተራዋ የደረሰ ሴት ኤቭላምቢያ ትባላለች፤
ከቀጰዶቅያ የመጣች፣ ቱርክኛ ብቻ ታውቃለች።
"ግሪክ ነሽ?" አልኳት በግሪክኛ፤ አማትባ መለሰችልኝ፤
የአባቷን ስም ጠየቅኩ፤ "ዴሚርጆግሉ" አለችኝ።
"ኦግሉ" የቱርክ ነውና ጭራውን ቆረጥኩት፤
በ"ኢዲስ" ቀጥዬ ንጹሕ ግሪክ አደረግኩት።
አንድ የብዕር ጫፍ! አያቶቿ ሁሉ
መቃብር ውስጥ እንዳሉ ሌላ ሰው ተባሉ።

"ቤት?" — "ሁለት ፎቅ፣ በድንጋይ።" "ዛፍ?" — "ኮክ፣ አርባ ግንድ።"
"ሌላስ?" — "የእርግብ ቤት፣ ከዐለት የተቦረቦረ፣ አንድ።"
"ካበቃሽ ፈርሚ።" — "አላበቃሁም" አለች፤
ወደ አስተርጓሚው ጆሮ ጠጋ ብላ ተናገረች፦
"ሐዋ የምትባል ጎረቤቴ፣ ግድግዳ የምንጋራ፣
ሦስት ቁና ስንዴ አበድራኛለች፣ በዚያ በጦርነት መከራ።
ሳልመልስ ጋሪው መጣ፤ ደጇ ላይ ቆማ አየችኝ፤
ስለ ቁናው አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለችኝ።
ከሀብቴ ላይ ቀንሱልኝ።"

ሰልፉ ሳቀ። አስተርጓሚው ሳቀ። እኔም።
ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ሣጥን የለም።
አልነቃነቅ አለች። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፤
ስድስት መቶ ሰው ቆሟል፤ የምሳ ሰዓት አልፏል፤
እንድትሄድልኝ ብዬ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በጠባብ፣
"ለሐዋ፣ ስንዴ፣ ሦስት ቁና" — ማን ሊያየው፣ ማን ሊያነብ!

ቤት ተሰጣት፤ ወደ እስያ የተሻገረ ሰው፣ የአንድ ሙስሊም፤
ጉበኑ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ቋንቋው የሷ ነው፣ ፊደሉ ግን አይደለም።
ልጇ ፕሮድሮሞስ ተማሪ ሆነ፤ በመምህሩ አለንጋ
የእናቱን አፍ በአንድ ክረምት ዘነጋ።

ካሳው በሦስተኛው ዓመት መጣ፤ ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት፣
ዋጋው በየዓመቱ የሚረግፍ፣ የባንክ ቦንድ የሚሉት።
ሸጠችው፤ ፍየል ገዛች፤ ከዚያ በቆርቆሮ አድርጋ
ከሥዕለ ማርያም ሥር አኖረች የሦስት ቁና ዋጋ።
ስንዴ በተወደደ ቁጥር ትጨምርበት ነበር፤
አድራሻ የለ፣ መንገደኛ የለ፤ መሐል የተዘጋ ድንበር።

ኋላ ሌላ ጦርነት መጣ፤ አንድ ጆንያ ድራክማ ዳቦ የማይገዛ ሆነ፤
የቆርቆሮው ሀብት ሁሉ እንደ ጉም ተነነ።
ሞተች። የልጅ ልጆቿ
በሳንቲሙ ሱቅ ሱቅ ተጫወቱ።

በጡረታዬ ዋዜማ መርማሪ ከአቴና መጥቶ
ኅዳጉ ላይ ቆመ፣ ቀይ እርሳሱን አውጥቶ።
"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ። "ዕዳ" አልኩት። "የማን?"
ዝም አልኩ። ያ የተዋስኩት ኮት ትዝ አለኝ።
መልሼው ይሆን?