የጎደለው ኪሎ

በሩ ከታሸገ ዛሬ ሦስት እሑድ፤
ቀይ ሰም ፈሶበታል በፍርድ ቤት ፈቃድ።
የሐይቁ ነፋስ መጥቶ ወረቀቱን ያነሣዋል፣
ያነብና ደግሞ፣ እንዳልገባው፣ ይተዋል።

እኔ ዘበኛው ነኝ። ቁልፉን ወሰዱብኝ፤
ዱላዬን፣ ካፖርቴን፣ ውሻዬን ተዉልኝ።
«የማን ወገን ነህ አንተ?» ይሉኛል ሲያልፉ ሲያገድሙ፤
«የበሩ» ስላቸው ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ ሳይቆሙ።

ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለው፣
ከአጥሩ ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ ድምፅ ማጉያ ተክለው
ይዘምራሉ፤ እንደ ሁለት ጄኔሬተር
አንዱ ያንዱን ጩኸት ሊያሰጥም ሲጥር።
ሁለቱም ማኅተም አላቸው፣ ክብ ነው የሁለቱም፤
«በዚህ ዓለት ላይ» ሲሉ ቃሉን አይስቱም፤
ደንብም አላቸው፣ አንቀጽ ከነቁጥሩ፣
«የመሠረትናት እኛ» የሚል መዝገብ ከነዶሴው፣ ከነክሩ።

መሠረቷንማ አውቀዋለሁ እኔ።
ሲቆፈር ነበርኩ፤ አይቻለሁ በዓይኔ።

ይህ የሐዋሳ አፈር የሐይቅ ልጅ ነው፤
ክንድ ሙሉ ሳይቆፈር ውኃ ያለቅሳል፣
ሲረግጡት ይሸሻል፣ ሲተዉት ይመለሳል።
ግንበኛው ባራሳ፣ አሁን በጌታ ያረፈው፣
ጭቃውን በጣቱ አሽቶ፣ አፍንጫው ሥር አድርጎ አሸተተው፤
«ይኼ ቤት አይሸከምም» አለ።
ከታቦር ሥር ድንጋይ በጋሪ እያመጣን ለምድሪቱ ሰጠናት፤
ዋጠች። ደግመን ሰጠናት። ዋጠች። አላጠገብናት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ዳመነች መጣች፣
ከአሞራ ገደል በእግሯ፤ ክንዷን አልታጠበች፣ በዓሣ ቅርፊት ታበራለች።
በነጠላዋ ጫፍ የሆነ ነገር ቋጥራለች።
ፈታችው።
የሚዛን ብረት። «አንድ ኪሎ» ይላል ፊቱ፤
ሆዱ ግን ተቦርቡሮ በሰም ነው የተደፈነው ክፍተቱ።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሸጥኩበት፣ ቆሮሶም አምባዛም።
መቶ ግራም ይጎድላል። የጎደለው ለድኻ ነው፤
ሀብታም ሚዛን ያያል፣ እሱን አልነካሁትም።
ሐይቁ ውስጥ ልጥለው ነበር፤ ዓሣው ምን በደለ?»
ድምፅዋ ሰለለ።
ቆፋሪው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ዝም አለ።
ባራሳ ጭቃው ውስጥ ወርዶ እጁን ዘረጋ፤
የማዕዘኑ ድንጋይ የሚቀመጥበት ጋ
አኖረው። ድንጋዩን ጫነበት።

ያን ዕለት ምድሪቱ ጸናች።
ተአምር ነው አልልም፤ ባራሳ ራሱ ኋላ ሲነግረኝ
«ደረቁ አሸዋ ላይ ደርሰን ነበር» አለኝ።
እሷ ግን ከዚያ ወዲህ፣ የማንን እንደወሰደች መች ታውቃለች?
ለገዛት ሁሉ አንድ ዓሣ ትመርቃለች።

ሌሊት ዘብ ስቆም ስለ ጴጥሮስ አስባለሁ።
ዓሣ አጥማጅ ነው እሱም። ከእሳቱ ዳር፣ በገረዲቱ ፊት፣
ሦስት ጊዜ ሚዛን አጎደለ ዶሮ ሳይጮኽ በፊት።
ካለቀሰ በኋላ ነው «በጎቼን ጠብቅ» የተባለው፤
የትኛው ደንብ ውስጥ ነው ይህ አንቀጽ ያለው?

ሐሙስ ዳመነችን ለምስክርነት ጠሯት።
«መሠረቱን ማን ጣለው?» ብለው ዳኛው ጠየቋት።
«የጎደለ ኪሎ» አለች።
ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፤ አልጻፈም።

ዛሬም መጥታለች፣ ዓሣዋን በፌስታል አንጠልጥላ፤
ግራ ነሽ ቀኝ ቢሏት ጆሮዋ ደክሟል፤
አጥሩን ተደግፋ፣ በማዕዘኑ ትይዩ፣ ቁጭ አለች።
ውሻዬ ብቻ ጅራቱን እየቆላ ሄደላት፤
እሱ ማኅተም አያውቅም፣
ዓሣ ሸተተው።