ይጣራል

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ከአባዶ ወዲያ፣ ታክሲው ሲቆም፣
ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ ከሚያወርደን፣ ከዚያ አንርቅም።
የድንኳኑ ካስማ፣ የወንበሩ ቁጥር፣ የሟች ዝርዝር በእጄ ነው፤
ዘጠኝ ዓመት ሞትን በረድፍ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤
ስም፣ ዕለት፣ ምክንያት፤ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ሳልገድፍ።
ምትኩን ግን እንዴት ልጻፍ?

ውሃ ማክሰኞ ነው እኛ ዘንድ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ቧንቧው ሦስቴ ያስነጥሳል፣ ይማርህ የሚል በሌለበት።
ያኔ ምትኩ ይነሣል፤
ለአራስ፣ ለአሮጊት፣ አራተኛ ፎቅ ለቀረ ሁሉ ያደርሳል፤
አንዱን ጀሪካን በዐሥር ብር፣ የሌለውን በምርቃት።

በዚያም ሌሊት ወጣ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ፤
መብራት ጠፍቷል፤ ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮኻል ቆይቶ ቆይቶ።
«ቁም!» የሚል ድምፅ ነበረ ይላሉ፤
አልነበረም ይላሉ።
እኔ የሰማሁት አንድ ነው፤ እሱም ቃል አልነበረም፤
ከዚያ ወዲያ ጅቡም አልጮኸም።

ስንደርስ ውሃው ይፈስ ነበር፣ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ፤
ደሙና የማክሰኞ ውሃ አብረው ወረዱ ወደ ሜዳ።
እትዬ ዘነበች በነጠላዋ
የቱን እንደምትደፍን ጠፋት፤ ልጇን ወይስ ጀሪካኑን፤
መጀመሪያ የያዘችው ፕላስቲኩን።

ምትኩ ማለት ምትክ ነው፤ ከእሱ በፊት አንድ ሞቶባት
ነው ስሙን ያወጣችለት።
እንግዲህ ለምትክ ምትክ
ከየት?

በሳምንቱ ወረቀት መጣ፣ ማህተሙ ክብ፣ ቃሉ አጭር፤
«ጉዳዩ ይጣራል» ይላል፤ ሌላ የለውም ነገር።
እኛ ይጣራል ሲባል የምናውቀው ጠላ ነው፤
አተላው ለብቻ፣ ንጹሑ ለብቻ፣ ያውም በአንድ ጀንበር።
ይኸው ሦስት ወር፤ ይጣራል።
ወንፊቱ የማን ነው? አተላውስ በማን ደጅ ይደፋል?
ሌሊት ሌሊት ግን እውነታቸውን ነው፤ ይጣራል፤
ከብሎኩ ጀርባ፣ ከጭቃው ውስጥ፣ በየስማችን ይጣራል።

የቀብሩ ዕለት ስም ጠራሁ፣ እንደ ደንቡ፤ የቀረ ይቀጣል፣ ሃምሳ ብር።
አቤት። አቤት። አቤት።
እንደዚያ ቀን አቤት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።
ቁጥር ስድሳ ሦስት ላይ ዝም።
ኮንስታብል ደርቤ፣ ብሎክ ዐሥራ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ሚስቱ ግን ነበረች፤ ከድንኳኑ ጥግ ሽንኩርት ስትልጥ፤
ማንም አልተናገራትም፤ እንባዋንም
በሽንኩርቱ ያሳበበ የለም።

በወሩ ስብሰባ ጮኹ፤ ይሰረዝ! ከእድር ይውጣ!
እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከኋላ መጥታ፣
«አትሰርዙት» አለች።
«ከተሰረዘማ ባዳ ሆነ፣ ተገላገለ በቃ።
ሃምሳ ብሩንም አልፈልግ፤ ልጄ የሃምሳ ብር ዕቃ
አይደለም። ስሙን ተዉት፤ ቀሪ በሉት፤
በየወሩ ጥሩት፤
እሱንም፣ ጠመንጃ ያስያዘውንም፣ ያንን ወረቀት የጻፈውንም፣
አቤት እስኪሉ።»

ጀሪካኑ እድር ቤት ነው፣ ከብረት ድስቶቹ በላይ ተሰቅሏል፤
ሁለቴ ሊወስዱት መጡ፤ ቁልፉ ጠፍቷል ብያቸዋል፤
የጠፋው ኪሴ ውስጥ ነው።

«ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ እስክሪፕቶዬ ቆሟል።
ሕመም አይደለም። አደጋ ብዬ አልጽፍም።
የእግዜር ጥሪ ልበል? እግዜር በጥይት አይጠራም።
ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ ባዶው ከፊቱም ከኋላውም ካለው ስም ይጎላል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስምንት ሰዓት። ቧንቧው አስነጠሰ።
ይማርህ አለ አንድ ሰው፤
ከየትኛው መስኮት እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ሌላ መስኮት። ከዚያ ሌላ።
ውሃው ታች ነው።
ማን ያውጣው?